ከለንደን ተነቅላ ሚዙሪ የተተከለችው የኦልደርማንበሪ ቅድስት ማርያም፦ ለምን እዚያው አልታደሰችም?

ዘጊልድሆል (ክሩን የከፈተ)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

ለንደን ከተማ እምብርት ውስጥ፣ የሲቲው ማዘጋጃ ቤት ከሆነው ከጊልድሆል አዳራሽ አጠገብ፣ ኦልደርማንበሪና ላቭ ሌን የተባሉት መንገዶች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ አንዲት ትንሽ የአትክልት ስፍራ አለች። ሣሩ ላይ የግድግዳ መሠረትና የዓምድ እግር ይታያል። ከመሠረቱ በላይ ያለው ሕንፃ ግን የለም፤ አትላንቲክን ተሻግሮ በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ፉልተን በምትባል ትንሽ ከተማ ቆሟል። በሁለት የተከፈለችው ይህች ቤተ ክርስቲያን የአንግሊካን አጥቢያ የነበረችው የኦልደርማንበሪ ቅድስት ማርያም ናት።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን 1940 ሌሊት (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የጀርመን አውሮፕላኖች በጣሉት ተቀጣጣይ ቦምብ ይህች ቤተ ክርስቲያን ስትቃጠል፣ ጥቂት እርምጃ ብቻ የምትርቀው የቅዱስ ሎረንስ ጁሪ ቤተ ክርስቲያንም በዚያው ሌሊት ተቃጥላለች። ሁለቱንም የሠራቸው እንግሊዛዊው ሐናጺ ክሪስቶፈር ሬን ነው። ሎረንስ ጁሪ በ1957 ታድሳ ዛሬም አገልግሎት ትሰጣለች፤ ቅድስት ማርያም ግን ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ጣሪያ አልባ ሆና ከቆየች በኋላ ድንጋይዋ ተነቅሎ ተወሰደ። በአንድ ሌሊት የተቃጠሉ፣ በአንድ እጅ የተሠሩ፣ ጎረቤታሞች የሆኑ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ዕጣቸው ለምን ተለያየ?

ነቅዐ ታሪክ

ወንድማችን ጥሩ ጥያቄ አንስተዋል። ከቦምቡ በፊት የነበረውን ታሪክ ሳናይ መልስ ብንሰጥ ግን ነገሩ ጎዶሎ ይሆናልና ከሥሩ ልጀምር።

ቤተ ክርስቲያኒቱ በጽሑፍ መጠቀስ የጀመረችው በ12ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ላይ ነው። ትልቅ ደብር አልነበረችም፤ አጥቢያዋ ግን ነጋዴዎችና የእጅ ሙያተኞች ጢም ብለው የሚኖሩበት ሰፈር ነበር። ከሌሎች የለንደን አጥቢያዎች ለየት የሚያደርጋት ካህኑን የሚመርጡት ራሳቸው ምእመናኑ መሆናቸው ነው። በእንግሊዝ ይህ መብት አብዛኛውን ጊዜ በመኳንንት፣ በጳጳሳት ወይም በዘውዱ እጅ ስለነበረ፣ የኦልደርማንበሪ ሰዎች በራሳቸው ምርጫ የወደዱትን ሰባኪ ማስቀመጣቸው ቀላል ነገር አልነበረም።

በዚህ መብት ካስመጧቸው ሰዎች ሁሉ ስሙ የገነነው ኤድመንድ ካላሚ ነው። በ1639 ተመርጦ ገባ፤ የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይበልጥ ለማጥራት ይሹ የነበሩት የፒዩሪታኖች ወገን ነበር። የንጉሡ ሥርዓት ከተመለሰ በኋላ በ1662 የወጣው የአንድነት ሕግ ካህናት ሁሉ የተደነገገውን የጸሎት መጽሐፍ እንዲቀበሉ ሲያስገድድ፣ ካላሚ አልቀበልም ብሎ ከመንበሩ ለቀቀ። ከተባረረ በኋላም እንደ ተራ ምእመን በዚያችው ቤተ ክርስቲያን መቀመጡን አልተወም። በዚያው ዓመት መጨረሻ አንድ ቀን የሚሰብከው ካህን ሳይመጣ ቀረ፤ ምእመናኑ ለመኑትና ተነሥቶ ሰበከ። የመረጠው ንባብ 1ኛ ሳሙኤል 4፥13 ነበር፦ ሽማግሌው ዔሊ በመንገድ ዳር ተቀምጦ ስለ እግዚአብሔር ታቦት ልቡ እየተናወጠ የሚጠባበቅበት ቦታ። ለእኛ አንባቢዎች ትርጓሜ አያሻውም፤ ለባለሥልጣናቱም አላሻቸውም፤ ወዲያው ኒውጌት ወህኒ ቤት ጣሉት። ብዙም ሳይቆይ ንጉሡ አስፈታው።

መስከረም 1666 ለንደን በታላቁ እሳት ስትጋይ ቤተ ክርስቲያኒቱም አብራ ነደደች። በጤናው ደክሞ የነበረው ካላሚ በሠረገላ ሆኖ በፍርስራሹ መካከል ሲያልፍ ያየው ነገር ልቡን ሰብሮት፣ ቤቱ ገብቶ ከክፍሉ ሳይወጣ በዚያው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ማረፉን የልጅ ልጁ ጽፏል። የተቀበረውም በዚያው ፍርስራሽ ውስጥ፣ የስብከት ሰገነቱ ቆሞበት ለነበረው ቦታ ቅርብ በሆነ ስፍራ ነው።

ሐናጺ ነኝ

ስለ ሕንፃው ራሱ ትንሽ ልጨምር።

በ1666ቱ እሳት ከሰማንያ በላይ የለንደን አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ወድመዋል፤ ከእነዚህ መካከል 51ዱ ብቻ እንደገና እንዲሠሩ ተወሰነ፤ የተቀሩት አጥቢያዎች ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተዳበሉ። ኦልደርማንበሪ እንደገና ከሚሠሩት ወገን ሆነችና በ1670ዎቹ የሬን መሥሪያ ቤት ሠራት። ሬን አዲስ መሠረት አላስቆፈረም፤ በመካከለኛው ዘመን መሠረት ላይ ነው የገነባው። ገንዘብም ጊዜም ለመቆጠብ በብዙዎቹ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ወደ ኦልደርማንበሪ መንገድ የዞረው የምሥራቅ ገጽ ትልቅ መስኮት ያለው ሲሆን፣ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ እንደ ብራና ጥቅል የተጠማዘዙ ትላልቅ የድንጋይ ቅርጾች ተቀምጠውበታል። ውስጡ ግን ከሬን ሥራዎች ቁጥብ ከሚባሉት ነው፦ በሁለት ረድፍ የቆሙ ዓምዶች፣ ከላያቸው እንደ በርሜል ግማሽ የተጠማዘዘ ጣሪያ፣ በምዕራብ በኩል ደግሞ አነስተኛ የደወል ማማ።

የግድግዳው ፊት የፖርትላንድ ድንጋይ መሆኑን ልብ በሉ፤ ከእንግሊዝ ደቡብ ባሕር ዳርቻ የሚወጣ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ነው። በ1940 ጣሪያው፣ እንጨቱና መቀመጫው ሁሉ ሲወድም ግድግዳው፣ ዓምዶቹና ማማው መቆማቸው ኋላ ላይ ለተደረገው ነገር ሁሉ መነሻ ሆኗል። ሕንፃዋ የጡብ ብትሆን ኖሮ ማንም ሰው ቆጥሮ በመርከብ አይጭናትም ነበር፤ ፈርሳ ቢሮ ይሠራባት ነበር። የኖራ ድንጋይ በኃይለኛ እሳት ሲጋይ በውስጡ ያለው የብረት ዘር ቀለሙን ወደ ሮዝ እንደሚለውጠውና ገጹም እየተላጠ እንደሚረግፍ የምናውቅ ሰዎች፣ ከእንዲህ ያለ ቃጠሎ የወጣን ድንጋይ መልሶ መጠቀም ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ እንረዳለን።

ወለተ ኪዳን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን የዘጊልድሆል ጥያቄ እስካሁን አልተመለሰም። ከዚያ በፊት ግን በቱሪስት መጻሕፍት የሚደጋገመውን አንድ ነገር ላጥራ። ገጣሚው ጆን ሚልተን በኅዳር 1656 ካትሪን ዉድኮክን ያገባው በዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው ይባላል። ጋብቻው በአጥቢያዋ መዝገብ ላይ መስፈሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በ1653 በወጣው ሕግ መሠረት በዚያን ጊዜ ጋብቻ የሚፈጸመው በሰላም ዳኛ ፊት እንጂ በካህን ፊት አልነበረም፤ ስለዚህ መዝገቡ ላይ መገኘቱ ሥርዓቱ ሕንፃው ውስጥ መከናወኑን አያስረዳም።

የቤተ ክርስቲያኒቱ እውነተኛ ኩራት ሌላ ነው። የሼክስፒር የመድረክ ባልደረቦች የነበሩት ጆን ሄሚንጅስና ሄንሪ ኮንደል በዚህ አጥቢያ ኖረው፣ ልጆቻቸውን አስጠምቀው፣ በምእመናን ተወካይነትም አገልግለው የተቀበሩት እዚሁ ነው። ሄሚንጅስ በ1588 በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ያገባት ርብቃ የሌላ ተዋናይ መበለት ነበረች፤ የመጀመሪያ ባሏ ዊልያም ኔል ከአንድ ዓመት በፊት በጠብ መካከል በሰይፍ ተወግቶ ሞቷል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው ሼክስፒር ከሞተ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1623፣ ተውኔቶቹን በአንድ ጥራዝ ሰብስበው ያሳተሙት። ግማሽ ያህሉ ከዚያ በፊት ታትመው አያውቁም ነበር። በ1896 ለሁለቱ መታሰቢያ በቀድሞው የመቃብር ቦታ ሐውልት ቆመ፤ ከላይ ሼክስፒርን ከራሱ እስከ ደረቱ የሚያሳይ የነሐስ ምስል፣ ከሥሩ የግራናይት መቆሚያ፣ በመካከል የተዘረጋ የድንጋይ መጽሐፍ አለው። ሕንፃዋ ወደ ሚዙሪ ስትሄድ ይህ ሐውልት አልሄደም። የሚገርመኝም ይኸው ነው፦ መንገደኛው ቆም ብሎ የሚያነበው የሁለቱን ተዋንያን ነገር ነው፤ ስለ አጥቢያዋ ሕይወት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በአንጻሩ፣ በጭካኔው የታወቀው ዳኛ ጆርጅ ጄፍሪስም የተቀበረው እዚህ ነበር። በ1689 በለንደን ግንብ እስር ቤት ሞቶ በመጀመሪያ እዚያው ተቀበረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አፅሙ ወደዚህ ተዛወረ። መቃብሩ በ1940 ጠፍቷል።

የቁጥር ሰው

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። እኔ እንደማምነው ይህችን ቤተ ክርስቲያን ባዶ ያደረጋት ቦምቡ አይደለም።

የለንደን ሲቲ፣ ማለትም የጥንቱ ከተማ ክልል፣ በ1801 የሕዝብ ቆጠራ 128,000 ያህል ነዋሪ ነበረው። በ1901 ወደ 27,000 ወርዷል፤ ከጦርነቱ በኋላ በ1951 ደግሞ 5,000 ያህል ብቻ ቀርቷል። ባቡር ሲመጣ ነዋሪው ወደ ዳርቻ ሸሸ፤ መኖሪያ ቤቱ መጋዘንና ባንክ ሆነ። በሥራ ቀን መንገዱ በሰው ይጨናነቃል፤ እሑድ ጠዋት ግን ቀዳሹና ደወል ደዋዩ ብቻ የሚገናኙባቸው ደብሮች በዝተው ነበር። ስለዚህም በ1860 አጥቢያዎችን ማዋሐድ የሚያስችል ሕግ ወጣ፤ በዚህ ሕግ በርካታ የሲቲ አብያተ ክርስቲያናት ፈርሰው መሬታቸው ተሸጠ፤ ገንዘቡም ሕዝብ በበዛባቸው የከተማ ዳርቻዎች አዳዲስ አብያተ ክርስቲያናት ለመሥራት ዋለ። ኦልደርማንበሪ በ1917 ከጎረቤቷ ከቅዱስ አልፌጅ አጥቢያ ጋር እንድትዋሐድ የተደረገችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከ1940ው የቃጠሎ ሌሊት 23 ዓመት አስቀድሞ ብቻዋን የምትቆም አጥቢያ መሆኗ አብቅቶ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ በ1945 የለንደን ሀገረ ስብከት ፊት የቀረበው ጥያቄ «ይህን ውብ ሕንፃ እናድን ወይስ እንተው?» የሚል አልነበረም። ነዋሪ በሌለበት ስፍራ በደርዘን የሚቆጠሩ የተቃጠሉ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ የትኛው ለማን ይሠራ? የሚል ነበር። ሎረንስ ጁሪ የሲቲው ማዘጋጃ ቤት የራሱ ቤተ ክርስቲያን ሆና ስለምታገለግል ባለቤት ነበራት፤ በ1952 በወጣው ሕግም አጥቢያ የሌላት፣ በሥራ ቀን ለሠራተኛው የምታገለግል ቤተ ክርስቲያን ተብላ ተሰየመች። የጋዜጣ ቤቶች መንገድ በነበረው በፍሊት ስትሪት ያለችው ቅድስት ብራይድ ደግሞ ጋዜጠኞች ነበሯት። ኦልደርማንበሪ ማንም አልነበራትም። በዚያው ሌሊት የተቃጠለችው የኮልማን ስትሪት ቅዱስ እስጢፋኖስ ዕጣዋ ከዚህም የከፋ ነው፤ እንደገና አልተሠራችም፣ ድንጋይዋም የትም አልተተከለም። ክራይስት ቸርች ግሬይፍራይርስ ግድግዳዋና ማማዋ ቀርቶ ውስጧ በ1989 የጽጌረዳ አትክልት ሆነ።

ከሚዙሪ

እኔ የምኖረው ከፉልተን ብዙም በማይርቅ ከተማ ነውና የዚህኛውን ወገን ታሪክ ልናገር።

ዊንስተን ቸርችል መጋቢት 5 ቀን 1946 በፉልተኑ ዌስትሚንስተር ኮሌጅ ተገኝቶ፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን ባሉበት፣ አውሮፓ በብረት መጋረጃ ተከፍላለች ያለበትን ንግግር ያደረገው በኮሌጁ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኮሌጁ ለዚያ ንግግር መታሰቢያ ሊያቆም ሲያስብ፣ ፕሬዚዳንቱ ሮበርት ዴቪድሰን በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ሊፈርሱ ስለ ተቃረቡ የሬን አብያተ ክርስቲያናት የወጣ ጽሑፍ አየና አንዷን ወደዚህ የማምጣት ሐሳብ መጣ። በጦርነቱ የተቃጠለች የለንደን ቤተ ክርስቲያን ለቸርችል መታሰቢያነት የምትመጥን ሆና ተገኘች፤ ቸርችልም ሐሳቡን ደገፈ። በሚያዝያ 1964 የመሬት ማስከፈቻውን አፈር የቆፈረው ትሩማን ነው። ቸርችል ራሱ ሕንፃው ሳይነቀል በጥር 1965 አረፈ።

ከዚያ በኋላ ሕንፃው ድንጋይ በድንጋይ ተነቀለ። 7,000 ያህል ድንጋይ ነበር፤ እያንዳንዱ ቁጥር ተሰጠው፣ በመርከብ ተጫነ፣ ከወደብ በባቡር ወደ ፉልተን ገባ። ቁጥሩ ሁሉ ተጽፎም ቢሆን ክምሩን ለይቶ ቦታ ቦታ ማስያዙ ትዕግሥት የሚፈታተን ሥራ ሆነ። የማዕዘኑ ድንጋይ በጥቅምት 1966 ተቀመጠ፤ ግንቦት 7 ቀን 1969 ተመርቆ ተከፈተ። ሐናጺዎቹ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የተጨመረውን ሳይሆን የሬንን ንድፍ ነው የተከተሉት፤ ባለ ቀለም መስታወት የለም፣ ብርሃኑ ነጭ ሆኖ ይገባል። በለንደን ያልነበረ አንድ ነገር ከሥሯ ተጨምሯል፦ ምድር ቤቱ የቸርችል ሙዚየም ነው። ከውጭ ደግሞ የቸርችል የልጅ ልጅ ኤድዊና ሳንዲስ ከበርሊን ግንብ ቁራጮች የሠራችው ቅርጽ ከ1990 ጀምሮ ቆሟል፤ ጎርባቾቭ በ1992 መጥቶ የተናገረው በዚሁ ግቢ ነው።

ጸሎት አለ ወይ ለምትሉኝ፣ አለ። ሰርግ ይደረግባታል፣ ኮሌጁም ለመንፈሳዊ ዝግጅት ይጠቀምባታል። አጥቢያ ግን የላትም።

ወለተ ኪዳን

ከሚዙሪ የጻፉልን ሰው በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የእኔን ቅሬታ ነክተዋል። ሕንፃውን ማዳናቸው ይመሰገናል፤ ዳሩ ግን የስምንት መቶ ዓመት የአጥቢያ ታሪክ ያላት ቤተ ክርስቲያን ለአንድ ፖለቲከኛ ንግግር መታሰቢያ መሆኗ አይዋጥልኝም። ቸርችል በኦልደርማንበሪ አልተጠመቀ፣ አልተዳረ፣ አልተቀበረ። ካላሚ ስለ ታቦት የሰበከበት ቤት ስለ ብረት መጋረጃ የሚተረክበት ሆነ። የሎምባርድ ስትሪቷ ኦል ሃሎውስ በ1930ዎቹ መጨረሻ ስትፈርስ ማማዋና የውስጥ ዕቃዋ ትዊከናም ወደሚባለው የለንደን ዳርቻ ተወስዶ ለአዲስ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ እሷ ዛሬም ምእመናን ያሏት አጥቢያ ናት። ይህን ዓይነት መዛወር ነው እኔ የምቀበለው።

የቁጥር ሰው

እህቴ ወለተ ኪዳን፣ ትዊከናም የሄደው ማማና የውስጥ ዕቃ ብቻ ነው፤ የሎምባርድ ስትሪቷ ቤተ ክርስቲያን አካሏ ጠፍቷል። ፉልተን የሄደው ግን ቤቱ እንዳለ ነው። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም አገልግሎት በሌላ ቤት ይቀጥላል፣ የሬን ግድግዳ ግን አንዴ ከፈረሰ በሌላ አይተካም። ቸርችልን በተመለከተ ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ። ሆኖም በ1960ዎቹ ለተቃጠለ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ማራገፊያና ማጓጓዣ ገንዘብ የሚያዋጣ ሰው በካላሚ ስም ይገኝ ነበር ብለው ያምናሉ?

ጊዜውንም ማየት ያስፈልጋል። ባዶ የቀሩ አብያተ ክርስቲያናትን በሥርዓት ለመዝጋት፣ ለሌላ ሥራ ለማዋል ወይም በቅርስነት ለመጠበቅ የሚያስችል የተሟላ ሕግ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ያወጣችው በ1968 ነው። ለቅርስ የሚገቡትን የሚረከብ ድርጅትም በ1969 ተቋቋመ፤ ዛሬ ከ350 በላይ የተዘጉ አብያተ ክርስቲያናትን ይጠብቃል። የኦልደርማንበሪ ድንጋይ በዚያን ጊዜ መርከብ ተሳፍሮ ሄዷል።

አዲስ ገቢ

ክሩን ዛሬ ነው ያገኘሁት። ለእኛ ሰዎች የሚቀርብ ምሳሌ ላክል፤ በደቡብ ለንደን ባተርሲ የሚገኘው የቅዱስ ፊልጶስ ቤተ ክርስቲያን በ1870 አካባቢ ጄምስ ኖውልስ በነደፈው አዲስ የመኖሪያ ሰፈር መካከል ለአንግሊካን አጥቢያ ተሠርቶ ነበር። ባቡር መስመሮች ሰፈሩን ስለከበቡት የታሰበው ባለጸጋ ነዋሪ አልመጣም። ዛሬ ግን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በቅድስት ማርያም ስም ያስቀድሱበታል። ወለተ ኪዳን የፈለጉት ዓይነት መዳን ይህ ይመስለኛል፤ ድንጋዩም አልተነቀለም፣ ጸሎቱም አልተቋረጠም።

ወለተ ኪዳን

አዎን፣ የፈለግሁት ይህን ነው። ሲቲ ውስጥ ግን በ1945 እንዲህ ያለ ተረካቢ ምእመን ከየት ይመጣ ነበር ብትሉኝ መልስ የለኝም፤ የቁጥር ሰው የጠቀሱት 5,000 ነዋሪ ዝም ያሰኛል።

ዘጊልድሆል

ለጥያቄዬ ከጠበቅሁት በላይ መልስ አግኝቻለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል፦ ሕንፃው ሚዙሪ ከሄደ፣ የሄሚንጅስና የሚልተን ስም የሰፈረበት የአጥቢያው መዝገብስ አብሮ ሄዷል?

ነቅዐ ታሪክ

አልሄደም። መዝገቡ ለንደን ነው ያለው። በ1538 ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ ካዘዘበት ጊዜ ይጀምራል፤ በ1930ዎቹም ታትሞ ወጥቷል፤ ስለዚህ በእጅ የተጻፈውን ማንበብ የሚቸግረው ሰው የታተመውን በትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ሊያገኘው ይችላል። ዋናው የለንደን ከተማ ቤተ መዛግብት ዘንድ ከሌሎቹ የሲቲ አጥቢያዎች መዛግብት ጋር ይጠበቃል። ሲፈልጉ በኦልደርማንበሪ ስም ይጠይቁ፤ ለንደን ውስጥ በቅድስት ማርያም ስም የሚጠሩ አጥቢያዎች ብዙ ናቸው።